ናፍጣ የጎደለበት ወፍጮ

ባለወፍጮው ሙሀመድኑር ከወፍጮው ሥር ሞቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። አናቱ በሞተሩ ማስነሻ ብረት ተፈንክቷል። ገዳዩ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ አገጩን በጨርቅ አስሮ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቁ በር አዙሮት ሄዷል።

ያገኘችው ልታስፈጭ የመጣች መሪማ ናት። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ኑርሁሴን ከከሚሴ ደርሶ አየ፤ ሬሳውን በእጁ ሸፍኖ አስነሣ። «ያየሽውን ለማንም እንዳትነግሪ» አላት።

1972 ዓ.ም. ነበር። ናፍጣ በኮታ ሆኖ፣ ጨፋ ሮቢት ላይ የማስፈጫው ዋጋ እጥፍ ገብቷል። ሐሙስ በቀበሌው ስብሰባ ሰሊማ የምትባል የአራት ልጆች እናት ተነሥታ «ናፍጣው ለአዲስ አበባ፣ ጭማሪው ለኛ! ሙሀመድኑር፣ አላህ ይይልኝ!» ብላ ጮኸች። አሁን በግድያው ተጠርጥራ ታስራለች። ወደ ደሴ ከተላከች ደግሞ መመለስ የለም።

«ገድለሽዋል?» አላት ኑርሁሴን።

«ወላሂ አልነካሁትም፣ ጌታው። ከስብሰባው ስንወጣ ሙሀመድኑር ጠርቶኝ ‹ከኮታው ግማሹ ነው የሚደርሰኝ፤ ነገ ለሕዝቡ እናገራለሁ› አለኝ።»

የሟች ረዳት አብዱልጀሊል ከቅንድቡ ዱቄት እየጠረገ ቀረበ። እንባ እንኳ አልነበረውም።

«የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ናፍጣ የሚያከፋፍለው ጓድ ፈለቀም ጋ አለ።»

«ከሟች ጋር ስንት ዓመት ሠራችሁ?»

«ስድስት። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ እዚሁ ወፍጮው ጎን አብረን ነበር የምንሰግደው።»

ከሰዓት ሁሉም ወፍጮ ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ጓድ ፈለቀ ቸኩሏል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሴትየዋ ናት! ገድላ ሲጸጽታት ወደ ቂብላ አዞረችው። ይህን ከእስላም በቀር ማን ያደርጋል?»

«ወደ የት አዞረችው?» አለ ኑርሁሴን።

«ወደ ምሥራቅ ነዋ!»

«አብዱልጀሊል፣ ስንሰግድ ቂብላችን ወዴት ነው?»

አብዱልጀሊል ወደ ኮምቦልቻ መንገድ፣ ወደ ሰሜን ጠቆመ።

«እዚህ አገር ይህን ሕፃን እንኳ አይስተውም» አለ ኑርሁሴን። «ሰሊማም ሆነች አብዱልጀሊል ወደ ሰሜን ባዞሩት ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ያዞረው የማይሰግድ ሰው ነው። ደግሞ ሬሳው እንዴት እንደተኛ ከመሪማና ከእኔ በቀር ያየ የለም። ጓድ፣ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

ፈለቀ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ቁልፍ አለዎት። ከኮታው የጎደለውን ግማሽ ናፍጣ ለነጋዴ ሸጠውታል፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ሊናገርብዎት ነበር።»

ፖሊሶቹ ያዙት። የሰሊማን እጅ ፈቱላት። እልል ያለ ሰው የለም።

«እንግዲህ ዋጋው ይወርዳል፣ ጌታው?» አለች ሰሊማ።

«አይወርድም። ጭማሪው የመጣው ከላይ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ምን ብሎ ሞተ?»

ሰሊማ ነጠላዋን አጣፋች። «በሉ፣ ልጆቼ አልበሉም። ቤቴ ሄጄ በድንጋይ እፈጫለሁ» አለችና ሄደች።