የቅዳሜ ተራ

ሚስ ቨርሊን ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ደረጃ ላይ ሲንገዳገዱ ካሞራ ግራ ክንዳቸውን ለቀም አድርጋ ያዘቻቸው። የያዘችበት ቦታ ከእጅጌው ስር ይነዝራል፤ ጨርቅ ውስጥ የታፈነች ንብ ይመስላል። ካሞራ እጇን ማንሳት አቃታት።

ይህን ንዝረት ታውቀዋለች። አያቷ ክንድ ላይም ነበር። ለኩላሊት እጥበት መርፌው እንዲገባበት ሐኪሞች ደም ስርን ከደም ስር ሲያገናኙ ደሙ እንደዚያ ያጉረመርማል። ትንሽ ሳለች ጆሮዋን ክንዳቸው ላይ ለጥፋ «ዛሬም እያወራ ነው!» ትላቸው ነበር። አያቷ ከሞቱ አስራ አራት ወር ሆኗቸዋል።

«ልቀቂኝ ልጄ፤ እርጅና ነው» አሉ ሚስ ቨርሊን እየሳቁ።

«የእጥበት ቀንዎ መቼ ነው?»

ሳቃቸው ቆመ። የቅዳሜው ክበብ ሌሎች ሰባት ልጆች ብርቱካናቸውን እየላጡ ወደ ውጭ ወጥተዋል።

«ማክሰኞና ሐሙስ» አሉ።

«እና ቅዳሜ» አለች ካሞራ፤ እጥበት በሳምንት ሦስቴ እንደሆነ ከአያቷ ታውቃለች። «ዛሬ።»

«ከወር በፊት ተራዬን ወደ እነዚህ ቀናት ቀየሩት፤ ሌላ ቀን ቦታ የለም አሉኝ። ምን ላድርግ? ሁለቱ ይበቃኛል። ልጄ ሮዝሊን ግን እንዳትሰማ። ካወቀች ቅዳሜያችን በዚያው አበቃለት። ቃል ግቢልኝ።»

ካሞራ ቃል ገባች።

ሚስ ቨርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ሰሜን ክፍል የሰፈሩን እናቶች ግማሹን በልጅነታቸው አመላልሰዋል። ጡረታ ሲወጡ «አሁን ደግሞ የሴት ልጆቻቸው ተራ ነው» ብለው ለጥቁር ልጃገረዶች ይህን የቅዳሜ ክበብ ከፈቱ። ልጆቹ መጀመሪያ አተነፋፈስ ይለማመዳሉ፣ ከዚያ ሰፈሩን በእግር ይዞራሉ፣ በመጨረሻ ወንበር ከበው እያንዳንዷ ማንም ያልጠየቃትን አንድ እውነት ትናገራለች። መምህሯ ፀጉሯን «ሥርዓት የለውም» ብላ ከክፍል ያስወጣቻት ልጅ እዚያ አልቅሳለች። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ብሎ አፏን የሚያስዘጋት አልነበረም። የካሞራ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን ትሠራለች። ክበቡ ከሌለ ካሞራን ቤት የሚጠብቃት ባዶው የአያቷ ወንበር ነው። ቃል ስትገባ ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ ኋላ ላይ ያሳፈራትም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስ ቨርሊን ተቀምጠው ጠበቋቸው። እግራቸው አብጦ የጫማቸው ክር አልታሰረም።

«እስከ አራት እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ» አሉ። «አንድ… ሁለት…» ሦስትን መጥራት አቃታቸው።

«ሚስ ቨርሊን፣ ቁጥር ጠፋብዎት እንዴ?» አለች ጃኒያ፣ የካሞራ የልብ ጓደኛ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚስ ቨርሊንም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ቶሎ አልቆም አለ። ካሞራ ብቻ አልሳቀችም።

ሮዝሊን እናቷን ልትወስድ የዚያን ቀን ቀደም ብላ መጣች። በሩ ላይ ካሞራን አገኘቻት።

«አንቺ ካሞራ ነሽ አይደል? እማዬ ስላንቺ ብዙ ታወራለች። ምነው ፊቷ እንዲህ አበጠ? የቅዳሜው እጥበት ወደ እሁድ ተዛወረ ብላኛለች፤ ለማንኛውም ነገ ትሄዳለች።»

ሚስ ቨርሊን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ኩባያ እየሰበሰቡ ነበር። ካሞራን ተመለከቷትና ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። እንዳትናገሪ።

«እሁድ የእጥበት ማዕከሉ ዝግ ነው» አለች ካሞራ።

«ካሞራ!» አሉ ሚስ ቨርሊን።

«አያቴም ከእጥበት ይቀሩ ነበር!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለሰልፍ ከበሮ ስለማመድ ለማየት ብለው። ልምምዳችን ቅዳሜ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀሩ። አውቅ ነበር። እንዲመጡልኝ ስለምፈልግ ለማንም አልተናገርኩም።»

ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ክብ ውስጥ ተቀምጣ አንድም ቀን ያልተነፈሰችው እውነት ይኼ ነበር። ሚስ ቨርሊን ካፖርታቸውን ከወንበሩ አነሱ።

«እኔ አያትሽ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። በአጠገቧ አልፈው ወጡ።

ሮዝሊን በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ተኙ። በሁለተኛው ሳምንት በምድር ቤቱ በር ላይ «የልጃገረዶች ክበብ ተቋርጧል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ጃኒያ ካሞራን ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«አሳባቂ! አንድ ነገር ነበረን፤ እሱንም ቀማሽን። አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?»

«ይሞቱ ነበር፣ ጃኒያ።»

«አሁንስ? ልባቸው ተጎድቷል፣ እንደ ድሮው አይሆንም ብለዋል አሉ ሐኪሞቹ። ታዲያ ምን ፈየድሽ?»

ጃኒያ ያላወቀችው፣ ካሞራ ግን ከራሷ ላይ ማውረድ ያቃታት ሌላ ነገር አለ፦ ቃል ከገባችበት እስከ ተናገረችበት ያለችው ሳምንት። ያችን ሳምንት ባትጠብቅስ ኖሮ?

ለሚስ ቨርሊን ሦስት መልእክት ላከች፤ አልመለሱላትም። ሮዝሊን ናት የጻፈችላት፦ «እማዬ አሁን ሰው ማየት አትፈልግም። አልተቆጣችሽም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። እኔ ግን አመሰግንሻለሁ።» ካሞራ ደጋግማ አነበበችው። ምስጋናው ከቁጣው ይልቅ ከበዳት።

ክበቡ ከተቋረጠ በአምስተኛው ቅዳሜ እናቷ ወደ ሥራ ከሄደች በኋላ ፀጉሯን አሰረችና ሁለት አውቶቡስ ይዛ አያቷም ይታከሙበት ወደነበረው የእጥበት ማዕከል ሄደች። የመጠበቂያው ክፍል የመድኃኒት ሽታ አለው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ።

«ሚስ ቨርሊንን ፈልጌ ነው። ካሞራ መጣች ይበሉልኝ።»

ነርሷ ገብታ ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ርኅራኄ ነበር።

«ወደ ቤቷ ትሂድ አሉ፣ የኔ ቆንጆ። ድካሙ ነው፤ አትቀየሚያቸው።»

«አልቀየምም። ስንት ሰዓት ይቀራቸዋል?»

«ገና ሦስት ሰዓት ተኩል።»

ካሞራ ወደ መውጫው ተመለከተች። አውቶቡሱ ማዶ ቆሞ ሰው ያወርዳል፤ ብትሮጥ ትደርስበታለች።

«እዚህ ነኝ ይበሉልኝ» አለች። «እንዲያናግሩኝ ብዬ አይደለም።»

ጃኬቷን አወለቀች፤ ከሽማግሌው ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።