ከመታጠፊያው ላይ ሲታይ

ሀሴት ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራት ነበር። ደመወዝ የሚከፈላት ቆማ ለማየት ነው። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር ሲገጠም ፓነሉ ከሕዝብ መንገድ መታየት የለበትም ይላል ደንቡ። ደንብ ዓይን ስለሌለው ሀሴት ተቀጠረችለት።

የወይዘሮ እታገኝ ቤት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው፤ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ባለ እንጨት በረንዳ የድንጋይ ቤት። ወይዘሮዋ ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። ማሽኑ በመብራት ይሠራል፤ መብራት ደግሞ በዚያ ሰፈር መሄድ ይወዳል። ክረምቱ ሳይገባ ሶላሩ እንዲገጠምላቸው የፈለጉት ለዚህ ነበር። ሶላሩን የሚገጥመው ባርኮት ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ከመሬት ይልቅ ጣሪያ ላይ የሚመቸው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ባርኮት በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ ሰሌዳ ይዞ ፓነሉ በሚያርፍበት በጀርባው ጣሪያ ላይ ይቆማል። ሀሴት በካርታ የተሰጣትን አሥራ አራት ቦታ እየዞረች ከየመንገዱ ታያለች። በስልክ ይነጋገራሉ።

«አሁንስ፣ ይታያል?»

«አይታይም።»

ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ይላት ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ዳቦ ቤት ጋ ስትደርስ «አንቺ» አላት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። በሦስተኛው ቀን የሥራው ወሬ ካለቀ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ጠፋ። ከላይ ሆኖ የማን ልብስ እንደተሰጣ፣ የማን ዶሮ የማን ግቢ እንደገባች ይነግራታል፤ እሷ ዳገቱን እያለከለከች ትስቃለች። ወደደችው። ይህን ለራሷ ለማመን ብዙም አልተግደረደረችም።

አሥራ አራተኛው ቦታ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ መታጠፊያ ነበር፤ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን አስደግፈው የሚያርፉበት። ዘወር ብላ ቁልቁል አየች። በባሕር ዛፎቹ መሐል ጥቁሩ ሰሌዳ፣ ከጎኑ ባርኮት።

«አሁንስ?»

አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ ደግማ አየች።

«ሀሴት፣ ይታያል?»

«ይታያል።»

እዚያ ማን ቆሞ ሊያይ ነው ቢላት ይቀላት ነበር። እሱ ግን «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ያየችውን ጻፈች፤ ፈቃዱ ተከለከለ። ለወይዘሮ እታገኝ ራሷ ልትነግራቸው ሄደች። በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ እንደገባ ሰሟትና፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ልጄ፣ የማድርበት ትንፋሽ የለኝም» አሏት። ባርኮት በረንዳው ላይ ነበር። ስትወጣ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግሥቱ ቢሮ ገብታ ፋይሉን ከፈተች። «ይታያል» የሚለውን አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ያየችውን አላየሁም ካለች፣ አይታይም ያለችባቸውን አሥራ ሦስቱን ቦታዎች ማን ያምናታል? ፋይሉን መለሰችው። 

ሁለት ሳምንት ስልኩ አልጮኸም። ከዚያ አንድ ጠዋት ባርኮት ደወለ፤ ሰላምታውን እንኳ አላረዘመም። መታጠፊያው ላይ ልትቆምለት ትችል እንደሆነ ጠየቃት። የላይኛውን የፓነል ረድፍ ሰርዞታል። የታችኛውን ረድፍ በጓሮ ያለው ማድ ቤት ከመታጠፊያው እይታ ይጋርደዋል። የቀረው ኃይል ለማሽኑ ይበቃል፤ ለሌላው ለምንም አይበቃም። ወይዘሮ እታገኝ ቴሌቪዥኑ ይቅር፣ ዜናው ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል ብለው ተስማምተዋል።

ሀሴት ዳገቱን ከሌላው ቀን ፈጥና ወጣች።

«አሁንስ?»

ወዲህ ሄዳ፣ ወዲያ ሄዳ አየች። «አይታይም።»

«ምንም?»

«ምንም። አንተም አትታይም» አለች፤ ድምፅዋ ወረደባት። ወይዘሮዋ እንደሚተነፍሱ አውቃ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ባዶውን ጣሪያ ማየት ከበዳት።

ባርኮት፣ «ደንቡ ስለ ሰው ምን ይላል?» አለ።

«ስለ ሰው ምንም አይልም።»

በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማች። ባርኮት ባዶ እጁን እስከ ጣሪያው አናት ወጣ፤ ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ ቆመ።

«ተቀይሜሽ ነበር» አለ። «አሁን ግን የምታይውን የምትናገር ሰው እፈልጋለሁ። እታያለሁ?»

«ትታያለህ» አለች። እንባዋ መጣ።

አጠገቧ ያረፉ አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ገመዳቸውን እያላሉ ወደምታይበት አዩ። «ምን አግኝተሽ ነው ልጄ እንዲህ የምታፈጥጪው?»

«የማገባውን ሰው» አለቻቸው።

ስልኩን እንዳልዘጋችው ያስታወሰችው ከተናገረች በኋላ ነው።  ጣሪያው አናት ላይ የቆመው ሰው ቀስ ብሎ ቁጭ ሲል ከመታጠፊያው ላይ በደንብ ይታይ ነበር።