መርፌውን ማን መለሰው?

ሟቹ ከሸክላ ማጫወቻው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የጠረጴዛው ብረት ማዕዘን ደም ነክቶታል። ከወለል እስከ ጣሪያ በተሠሩት መደርደሪያዎች ላይ አራት ሺህ የጃዝ ሸክላዎች በፊደል ተራ ቆመዋል፤ ከቦታው የተነቃነቀ አንድም የለም። ሰውየው መሬት ቀያሽ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ከዚህ ክፍል እምብዛም አይወጣም።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ማጫወቻው አሁንም ይሽከረከራል። በላዩ ያለው ሸክላ ስም የለውም፤ መሃሉ ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ተለጥፎበታል። ገጹን አዲስ ጭረት ሰንጥቆታል።

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው የተጫረው?» ስትል ሚስትየዋን ጠየቀቻት።

«የተጫረ? እሱ ቤት?» ሚስትየዋ እንባዋ ሳይደርቅ በንዴት ሳቀች። «ከሸክላው እኔን ቢጭሩኝ ይመርጥ ነበር! በር ዘግቶ ነው የሚሰማው፤ ዛሬ ጠዋት በበሩ ስሰማው እንኳን ምንም እንከን አልነበረውም። ስምንት ሰዓት ላይ እሱን፣ ወንድሙንና የጥርስ ሐኪም ጓደኛውን ትቻቸው እህቴ ጋ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ገና በሩን ሳታልፍ ጀመረች። «ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ያው አንድ ሳክስፎን፣ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው! ሦስቴ ግድግዳውን ደበደብኩ። ሌላ ጊዜ ወዲያው ይቀንስልኝ ነበር፤ ዛሬ ናቀኝ!»

የጥርስ ሐኪሙም ሸክላ ሰብሳቢ ነው፤ እሱም ተቆጥቷል። «ያንን ባለ ነጭ ወረቀት አሰማኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት! ዛሬም ስለከለከለኝ ተጣልተን ወጣሁ። ከስምንት ተኩል ጀምሮ ክሊኒኬ ውስጥ ጥርስ ስነቅል ነበር፤ ነርሷን ጠይቋት።»

ነርሷ ተጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የመጋዘን ጠባቂ ነው። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም።

«ስምንት ተኩል ላይ ጋሼ ራሱ በር ድረስ ሸኘኝ» አለ። «ሙዚቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

«ማጫወቻው ላይ ያለው ሸክላ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለና ድንገት ደሙ ፈላ። «አንድ ቦታ ላይ እየዘለለ የሚያላዝን አሮጌ ሸክላ! ደግሞ እሱ ሰው ገደለ በሉኝ!»

መርማሪዋ አንገቷን ሳታቀና ጻፈች።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የዚህ ሸክላ አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ አይሞላም» ብላ ጀመረች። «መርፌው ደግሞ በራሱ አይመለስም። ሙዚቃው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ጮኋል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ከወደቀው ሰው አጠገብ ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ ሲያልቅ እየመለሰ ሲሰማ ነበር።»

«የምን አውሬ ነው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ጠዋት ጭረት አልነበረም። ሟቹ ሲወድቅ ጠረጴዛውን መታው፤ መርፌው ተንሸራቶ ሸክላውን ጫረው። እንግዲህ ይህ ሸክላ እንደሚዘል የሚያውቀው፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ የሰማው ብቻ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ‹እየዘለለ› አሉኝ።»

ሚስትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አንተ? የገዛ ወንድምህን?»

«ወንድሜ?» ሰውየው ጮኸ። «እዚያ ላይ የሚነፋው ማን ይመስልሻል? እኔ ነኝ! ማሽን ጣቶቼን ሳይቆርጣቸው የተቀዳሁት አንድ ሸክላ፣ አንድ ቅጂ! አንዴ ልስማው ብዬ ስለምነው ‹ጠፋ› አለኝ፤ አብሮኝም አለቀሰ! ሠላሳ ዓመት ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ዛሬ ካፖርቴን ረስቼ ስመለስ፣ ከበሩ ውጪ ቆሜ ራሴን ሰማሁ። ገብቼ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሰው እጅ ከገባ ይበላሻል።› ገፈተርኩት!»

መርማሪዋ ለአፍታ አዘነችለት። ከዚያ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የነገራት ትዝ ሲላት «እርስዎ» ማለቱን ተወችው።

«ወንድምህ ከወደቀ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበር። ስልኩ አጠገብህ ነበር። አንዴ ብትደውል ይተርፍ ነበር!»

ሰውየው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። መንፋቴን እየሸፈነብኝ ስላስቸገረኝ… ድምፁን ጨመርኩት።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሚስትየዋ ተራምዳ ሄዳ በሙሉ ክንዷ በጥፊ አጮለችው። ማንም አልገላገለም።

ፖሊሶቹ እጁን በካቴና ሲያስሩት፣ መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ ሸክላውን ለማስረጃ ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«ቀስ!» ሲል አንባረቀባት። «በዳሩ ያዥው! ገጹን እንዳትነኪው!»

«እንደ ወንድሙ ነው የሚጮኸው» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ መዳፏን ገጹ ላይ ለጥፋ ሸክላውን አነሳችውና ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።