በሁለት ምስክር አስራ ስምንት

«አስራ ስምንት ነው የምትዪው። ‹ይመስለኛል› ምናምን እንዳትዪ። ቀጥ ብለሽ» አሏት አጎቷ አብዶ። ከሚሴ ከሚገኝ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ዓፊያ እሺ አለች። ዕድሜ መዋሸት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። ቲክቶክ ላይ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አስራ ዘጠኝ ናት፤ ጓደኛዋ አሻማ ሃያ ሁለት ነኝ ባይ ናት። የስልኩ ውሸት ግን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መታወቂያ ላይ የሰፈረ ዕድሜ ወዴትም አይሄድም። እውነተኛው ዕድሜዋ አስራ አምስት ነው፤ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት።

እናቷ ዙቤይዳ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ባለፈው ወር ደሴ ያለው ሐኪም «እህቴ፣ ከእንግዲህ እዚህ ድረስ አትመላለሺ፤ ቤትሽ ብታርፊ ይሻላል» ብሏታል። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ከጎኗ ሪድዋን አለ፤ የዓፊያ ወንድም። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ እህቱን ሊደርስባት ምንም አልቀረው፣ አእምሮው ግን የሦስት ዓመት ልጅ ነው። የሚናገራቸው ቃላት አራት ወይ አምስት ቢሆኑ ነው። አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ይነሳበታል። መኪና ይወዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ ተሳቢ ሲሰማ ነቅሎ ይሮጣል፤ ካልያዙት አስፋልቱ መሀል ነው የሚገኘው።

እናትየዋ ስትሞት እሱን ማን ይይዘዋል? የቤታቸው ጭንቀት ሁሉ ይኼ ነው። አባታቸው አቡበከር ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል። ዙቤይዳ በሽታው አቅሟን እስኪጨርሰው ድረስ ሞግዚት ፍለጋ ያልዞረችበት ቤት የለም። ጨፋ ሮቢት ያለችው እህቷ «የራሴው ልጆች ናላዬን አዞሩት» አለቻት። አብራት ያደገችው ጎረቤቷ አለቀሰችና ወሬ ቀየረች። ሁሉም ዱዓ አደረገላት። ዱዓማ ወጪ የለውም! እሺ ያለ ግን አንድም ሰው አልተገኘ።

አጎታቸው አብዶ እምቢ አላሉም ነበር። ነገር ግን አምና ዙቤይዳ ደሴ ተኝታ ሳለ ሪድዋንን ለሁለት ሳምንት ወስደውት፣ ዓፊያ ከትምህርት ቤት መልስ ልታየው ብትሄድ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ፓፓያ ጋር ቁርጭምጭሚቱን በገመድ ታስሮ አገኘችው። እንደ ጥጃ። «ለእሱው ብዬ ነው። ተሳቢ ከሚበላው ገመድ አይሻልም?» ነበር መልሳቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ስምንት ልጆችና አንድ ሱቅ አላቸው፤ የሚጠብቀው ሰው አልነበራቸውም። የገመዱ ሰንበር ግን ወር ሙሉ ከልጁ እግር አልጠፋም። ዙቤይዳ ይህን የሰማች ቀን «በቁሜም በሞቴም ለእሱ አልሰጥም» ብላ ማለች።

ቆይታ ፍርድ ቤት ሄዳ ጠየቀች። እናት በኑዛዜዋ ለልጇ ሞግዚት መሰየም እንደምትችል፣ የምትሰይመው ሰው ግን አስራ ስምንት ዓመት የሞላው መሆን እንዳለበት ነገሯት። ወደ ቤት ስትመለስ ዓይኗ ዓፊያ ላይ አረፈ። የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜው በሁለት ምስክር ቃል ይጻፋል፤ የዓፊያም የልደት ወረቀት የላትም።

አጎት አብዶ ለመመስከር አላንገራገሩም። እንዲያውም ሌላኛውን ምስክር፣ ጎረቤታቸውን አንዋርን፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ዓፊያ ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ ስትል ቆይታ ነበር። ትናንት እናቷ ነገረቻት። አብዱልፈታህ የሚባል የከብት ነጋዴ አለ፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ከአጎቷ ጋር የሚሠራ፣ ሠላሳን ያለፈ ሰው። ዓፊያን ለጋብቻ ጠይቋል። አምና የክፍሏን ልጅ ሊድሯት ሲሉ ሴቶች ጉዳይ ደርሶ ሠርጉን አስቀርቶታል፣ ልጅቱ አስራ አራት ዓመቷ ስለነበር። ዓፊያ በወረቀት አስራ ስምንት ከሆነች ግን ማንም አይደርስላትም።

«ይህን አውቀሽ ነው?» ብላ ዓፊያ ጠይቃት ነበር።

«አውቄ ነው» አለች ዙቤይዳ። «ምን ላድርግ ልጄ? ምን አለኝ?»

ዓፊያ ተናደደችባት፤ ደግሞም አሳዘነቻት። ሁለቱም በአንድ ላይ መጡባትና እንባዋ ፈሰሰ።

«ዓፊያ አቡበከር!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተጣራ።

ሠራተኛዋ ነፃነት ትባላለች፤ መነጽር ያደረገች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ዓፊያን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዓፊያ የእናቷን ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጣቷ ላይ ያለው የእስክሪብቶ ቀለም ግን ታጥቦ አልለቀቀም።

«ተማሪ ነሽ? ስንተኛ ክፍል?»

«ስምንተኛ።»

«አስራ ስምንት ዓመት ሆኖሽ ስምንተኛ?»

«እየወደቀች ነው» አሉ አጎቷ ፈጠን ብለው። «ጭንቅላቷ እምብዛም ነው።»

ዓፊያ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት።

ነፃነት ብዕሯን አስቀመጠች። «አንቺው ንገሪኝ። አንዴ ከጻፍኩት በኋላ፣ የቸገረሽ ቀን ‹ልጅ ነኝ› ብለሽ የትም ብትሄጂ ይህንኑ ወረቀት አውጥተው ነው የሚያሳዩሽ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

ሪድዋን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ዓፊያ ቀልጠፍ ብላ እጁን ያዘችው። እጁ ይሞቃል። ሳቀላት። እናቷ መሬት መሬቱን እያየች «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» ትላለች።

«አስራ ስምንት» አለች ዓፊያ።

አጎቷና አንዋር ማሉ፤ ፈረሙ። በቃ፣ አለቀ። ሦስት ዓመት በሩብ ሰዓት ሄደ።

ውጭ ሲወጡ አንዋር «ጀባዱ፣ በርቺ» ብሎ ጨበጣት። አጎቷ ፊታቸው በርቷል። «አብሽሪ! ሰኞ ፍርድ ቤት ነው። ሐሙስ ደግሞ የአብዱልፈታህ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ።»

«አጎቴ፣ አሁን አስራ ስምንት ነኝ አይደል?»

«ወላሂ ነሽ! ምዬልሽ የለ?»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን አይጥሯቸው። አስራ ስምንት የሞላት ሴት ካልፈቀደች አትዳርም። እኔ አልፈቀድኩም።»

አጎት አብዶ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «እናትሽ የሞተች ዕለት ማን ሊቆምልሽ ነው? ይሄን ልጅ ማን ሊይዝልሽ?»

ዓፊያ የሪድዋንን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«ደግ» አሉ። «ሞግዚቱ አንቺ ነሽ፣ ቻዪው። እኔ ከዛሬ ወዲያ የለሁበትም።» አንዋርን ይዘው ወደ ገበያው ወረዱ። ዞር ብለውም አላዩ።

ዙቤይዳ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «ብቻሽን ቀረሽ እኮ ልጄ» አለች።

ዓፊያም ታውቀዋለች። ብቻዋን ነው የቀረችው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ሪድዋንን የሚይዝ ሰው የለም፤ እናቷ ከእንግዲህ ሮጣ አትይዘውም። ሚኒስትሪው ሦስት ወር ቀርቶታል። የምትፈተነው አልመሰላትም። እናቷም እስከዚያ የምትቆይ አልመሰላትም። አጎቷም ነገ ተነገ ወዲያ ሰው ሰብስበው ይመጡባት ይሆናል።

የሪድዋንን እጅ ሳትለቅ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። የመጨረሻው ትምህርት የሚያልቅበትን ገጽ አለፈችና ባዶ ገጽ ላይ «ሪድዋን» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ አሰመረች።

«የእሱን ነገር ሁሉ ንገሪኝ» አለቻት። «የምታውቂውን በሙሉ።»

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን እማ። ሲጥለው ምንድን ነው የምታደርጊው?»

 ዙቤይዳ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በጎኑ አስተኚው» አለች። «አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ። ሲነቃ ይፈራል፤ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው፣ እስኪያይሽ ድረስ።»

ዓፊያ ጻፈች። «እሺ» አለች፤ «ቀጥዪ።»