አስር ቮልት

ፕሮፌሰሩ በቤተ ሙከራው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው እንደ ሸክላ ተፈርክሷል፤ ደሙ እስከ በሩ ወርዷል። አጠገባቸው ከባድ የብሎን መፍቻ ሬንች ወድቋል፤ ፀጉር ተለጥፎበታል።

መርማሪዋ ተንበርክካ አየች። ባልደረቦቿ «ቁንጫ» ይሏታል፤ አንድ ፍሬ ሆና ሳለ የማትገባበት ቀዳዳ፣ የማትነክሰው ሰው የለም።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ልጅ በካቴና ታስራ ቆማለች። የቀሚሷ ደረት ደም በደም ነው። ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ለፖሊሶቹ ይሄ በቂ ነው፤ ወደ ወህኒ ሊጭኗት መኪና አስነስተዋል።

«አባዬን አቀፍኩት እንጂ አልገደልኩትም!»

«መኪናው ይቆይ» አለች ቁንጫ። ከዚያ ሌሎቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ሳለ በሸሚዝ ብቻ የቆመውን የፕሮፌሰሩን ረዳት ተመራማሪ ጠራች።

«ግድያው ሲፈጸም፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ከጎን ክፍል። አዲሶቹን የኮምፒውተር ሜሞሪዎች ስከፍት።»

«የሚከፈቱት ጣሳ ናቸው?»

ረዳቱ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ሜሞሪው ላይ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መጀመሪያ በአስር ቮልት ቀጭን መንገድ እንከፍትለታለን። ከዚያ በኋላ መንገዱን እየዘጋንና እየከፈትን እንጽፍበታለን። አስራ ሁለቱንም አንድ በአንድ በአስር ቮልት ስከፍት ቀና እንኳ አላልኩም።»

«መብራት ሲጠፋ ይረሳሉ?»

«በፍጹም!»

«ጎሽ፤ የማይረሳ ምስክር እወዳለሁ።»

ቀጥላ ሽፋኑን የምትሠራዋን ባለሙያ ጠየቀች። ሴትየዋ በዚያ ሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤት ነበረች፤ ሦስት ሰው አይቷታል።

«የዛሬው ሽፋን እንደ ሌላ ጊዜው ነው?»

«አይደለም። ጋሼ በዓይን የማይታይ የብር ብናኝ መሃሉ እንድጨምር አዘዙኝ። "ለረዳቴ እንዳትነግሪው" አሉኝ፤ ሳይለካ ውጤት እንደሚጽፍ ጠርጥረውት ነበር።»

ቁንጫ አስራ ሁለቱንም አስለካች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሬንች የሰነዘረ ሰው ደም ይረጭበታል። የልጅቷ ቀሚስ ላይ የተረጨ ጠብታ የለም፤ ደሙ አባቷን ስታቅፍ የታተመባት ነው። ከእናንተ መሃል ጋዋኑ የጠፋበት አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ሽፋኖቹን በአስር ቮልት ከፈትኩ ይላል።» ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «ብናኙ ያለበት ሽፋን አስር ቮልት ቢሰጠውስ?»

«እሱ እኮ ሁለት ይበቃዋል! በአስር ተቃጥሎ ይበሳል።»

«አንዱም አልተበሳም። አስራ ሁለቱም እንደተሠሩ ዝግ ናቸው። አልነካሃቸውም፣ ወንድሜ። የነካኸው ሬንቹን ነው።»

ረዳቱ ከጠረጴዛው ላይ የመስታወት መቁረጫ መንጭቆ ተወረወረባት። ቁንጫ ጎንበስ አለችና ክንዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመችው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ።

«ሽማግሌው "ስምህን ከጥናቱ እሰርዛለሁ" አለኝ!» እያለ አጓራ።

ልጅቷ ካቴናው በተፈታላት ቅጽበት ጉሮሮው ላይ ተከመረች። ቁንጫ በወገቧ ይዛ ጎተተቻት።

«ልቀቂኝ!»

«ተይ እህቴ! ስንት ለፍቼ አስፈትቼሽ መልሼ እንዳላስርሽ።»

ልጅቷ አተነፋፈሷ እስኪመለስ ቆመች። ከዚያ ፊቱ ላይ ምራቋን ተፋችበት።

ቁንጫ ለቃት ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። አላየችም።