ከኋላ የቆሙት ድምፆች

ሸሚዝ በሚሰፋበት በዚያ ፋብሪካ ድሮ የሠራተኛው ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሊቀ መንበሩ በካውያ ክፍል ሸሚዝ ሲተኩስ የሚውል ሰው ነው። ስብሰባውን ሁልጊዜ «ድር ቢያብር» ብሎ ይጀምራል፤ የመጡት ጥቂቶች «አንበሳ ያስር» ብለው ይጨርሱለታል፤ ከዚያ አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ውልቅ ይላል። ነገሩ የተለወጠው መዝሙር ሲጀመር ነው። ከሥራ በኋላ በምግብ አዳራሹ ተሰብስቦ መዘመር ሲመጣ ቆራጩም፣ ሰፊውም፣ ክር ለቃሚዋም መቅረት ተዉ። ሊዘምር የመጣ ሰው ደግሞ ጉሮሮውን እስኪያሳርፍ ስለ ፈረቃውም ስለ መታጠቢያ ቤቱም መነጋገሩ አይቀርም። በዚህ ዓይነት ማኅበሩ ነፍስ ዘራ።

መዝሙሩን የምትመራው «ኮሌታ» ናት። ይህን ስም ያወጡላት ኮሌታ ስለምትሰፋ ብቻ አይደለም፤ እንደ አዲስ ሸሚዝ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ስለምትሄድም ጭምር ነው። ድምፅ ታድላለች። ጆሮም እንዲሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን ዜማ እንደሳተ ጀርባዋን ሰጥታ ትለያለች። ጉድለቷ ለይታ ዝም አለማለቷ ነው።

የየፋብሪካው ማኅበራት በየተራ የሚዘምሩበት ዝግጅት ሲቃረብ ኮሌታ ካላሸነፍኩ ብላ ቆረጠች። ያስቸገሯት ቁልፍ ቤት የሚሠሩት፣ ማለትም ሸሚዙ ላይ ቁልፍ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። ሲዘምሩ ይጮኻሉ፤ ሲጮኹ ዜማውን ጥለውት ይሄዳሉ። ወደ ኋላ አዛወረቻቸው፤ ባሰባቸው። ግድግዳው ጥግ አስጠጋቻቸው፤ ጭራሽ ለየላቸው። ከሁሉም የባሰችው ደግሞ የገዛ አክስቷ ነበረች።

አክስቷ ኮሌታን ያሳደገች፣ ፋብሪካም ያስገባች ሴት ናት። ኮሌታ የምታውቀውን ዜማ ሁሉ የተማረችው ከእሷ ነው፤ በልጅነቷ ልብስ ሲያጥቡ አክስቷ ታወጣለች፣ እሷ ትቀበላለች። አሁን ግን ያቺ ሴት አፏን ስትከፍት ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። «ጡሩንባ» የሚል ስምም አውጥተውላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን ፋብሪካው በሙሉ ሲያውቀው እሷ አላወቀችም።

አንድ ቀን በልምምድ መሃል ኮሌታ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እቴቴ፣» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሽ። ድምፅ ማውጣቱን ለእኛ ተይልን።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አክስቷ ይህችን ሰምታታለች። ቦርሳዋን አነሳች። «ከንፈሬን ለማንቀሳቀስማ እቤቴም መስተዋት አለኝ፣» ብላ ወጣች። የቁልፍ ቤት ረድፍ በሙሉ እሷን ተከትሎ ወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከዚያ ረድፍ አንድም ሰው አልመጣም፤ ጭራሽ ከማኅበሩ ሊለቁ ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ኮሌታን ለብቻዋ ጠርቶ መዝሙሩን ያመጣነው ሰው ለመሰብሰብ ነው ወይስ ለመበተን ብሎ ጠየቃት። እሷም አልተበገረችም፤ መዝሙር ለሚችል ሰው ነው፣ ዜማ የሚያበላሽ ይዘን ሰው ፊት አንዋረድም አለችው።

«የሚችል ብቻ የሚፈለግበት ቦታማ ሞልቷል፤ ይሄ ማኅበር ነው፣» አላት። «ደግሞ እስቲ ንገሪኝ። ሌላው ረድፍ ላይ የሚችለውም የማይችለውም ተቀላቅሎ አለ። አንድ ረድፍ ሰው በሙሉ እንዴት አንድ ላይ ዜማ ይስታል?»

ጥያቄው ከኮሌታ ጋር አብሮ አደረ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ወደ ቁልፍ ቤት ረድፍ ሄደች። እሷ የምትሰፋበት መኪና አዲስ ነው፤ ቦታውም መስኮት አጠገብ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስትሠራ እዚህ ጥግ ቆማ አታውቅም ነበር። ያረጁት መኪናዎች ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጠግተው ይንቀጠቀጣሉ፤ የእነሱ ጩኸት ሲቆም የግድግዳው ይቀጥላል። ትንሽ እንደቆመች ጭንቅላቷ ይጮኽ ጀመር። የምሳ ደወል ተደውሎ መኪናው ሁሉ ጸጥ ሲል ከአክስቷ ኋላ ቆማ ያቺን የልብስ አጠባ ዜማ በቀስታ አወጣች። አክስቷ ያቺን ዜማ ሰምታ ሳትቀበል አልፋ አታውቅም። አሁን ግን ክሯን መቁረጧን ቀጠለች። ኮሌታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ምንም። በመጨረሻ ባላት አቅም ስታወጣው ከማዶ ያሉት ሰፊዎች ዞር ብለው አዩዋት። አክስቷ አልዞረችም።

ትከሻዋን ስትነካት ደንግጣ ብድግ አለች። «ምነው ልጄ፣ መቼ መጣሽ?»

ኮሌታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ በጆሮዋ ተጠግታም ይቅርታ ጠየቀቻት። አክስቷ ቂም አልያዘችባትም። የረድፏ ሴቶች በሙሉ እቤታቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ ጎረቤት ግድግዳ እንደሚደበድብባቸው እየሳቀች ነገረቻት። ፋብሪካው አንድ ጊዜ የጆሮ መድፈኛ ሰጥቷቸው ነበር፤ ጨዋታ ያስቀርብናል ብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። «ወሬ እንዳያመልጠን ስንል ጆሯችን አመለጠን፣» አለች።

ማኅበሩ ስለ መኪናዎቹ ጩኸት አቤት ሲል ሥራ አስኪያጁ እስካሁን ያመመው ሰው የለም፣ መኪናዎቹም ደህና ናቸው ብለው መለሱ። ይሄን ጊዜ ኮሌታ አንድ ሐሳብ መጣላት። ሥራ አስኪያጁን ልምምድ እንዲያዩልን ብላ ጋበዘቻቸው፤ ዘማሪውን ግን በድምፁ ሳይሆን በሚሠራበት ረድፍ አቆመችው። የቁልፍ ቤት ሴቶችም በአክስቷ ልመና መጥተው ነበር።

አንዱን መዝሙር ሁሉም በየተራ ዘመሩት። ቆራጮቹ ጥርት አድርገው አወረዱት። ኮሌታ የሚሰፉትም እንዲሁ። እጅጌ የሚገጥሙት፣ ለአሮጌዎቹ መኪናዎች ቀረብ የሚሉት፣ ጥቂት ተንገዳገዱ። የቁልፍ ቤት ረድፍ ሲጀምር ግን አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች፣ ሁሉም በጩኸት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከእሳቸው በቀር የሳቀ አልነበረም።

«ጌታዬ፣» አለች ኮሌታ፣ «መሃል የቆመችው ናት እኔን መዘመር ያስተማረችኝ። እዚህ ፋብሪካ ስትገባ ከእኔ የበለጠ ትዘምር ነበር። ዜማውን ረስታው አይደለም፤ አይሰማትም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ አክስቷ ቀርበው አንድ ነገር ሲጠይቋት ዓይኗ ከንፈራቸው ላይ ነበር። ያን ካዩ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም። የጆሮ ሐኪም መጣ፤ የተፈራው ልክ ሆኖ ተገኘ። አሮጌዎቹ መኪናዎች በሌላ ተተኩ፣ የቆርቆሮው ግድግዳም ተነሳ። የሄደ ጆሮ ግን አይመለስም፤ ይህን መደበቅ አይገባም፣ ያሳዝናል። የቀረውን ለማዳን ማኅበሩ የራሱን ሕግ አወጣ፦ የጆሮ መድፈኛ ሳያደርግ መኪና አጠገብ የተገኘ ሰው በስብሰባ ላይ ብቻውን ይዘምራል። ሕጉን ያመጣችው አክስቷ ናት። እስካሁን የተቀጣው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ደንግጦ ይጠነቀቃል።

በዝግጅቱ ቀን የቁልፍ ቤት ሴቶች ከፊት፣ ኮሌታን ከበው ቆሙ። አክስቷ እጇን በትከሻዋ ላይ አድርጋ ዘመረች። አላሸነፉም። ሽልማቱን ሌላ ፋብሪካ ወሰደው፤ ያሸነፉት ሰዎች ግን መጥተው ስለ ጆሮ ሐኪሙ ሲጠይቁ አመሹ።

ወገኖቼ፣ ከእኛ ጋር እኩል መራመድ ያቃተውን ሰው ወደ ኋላ መግፋት ይቀለናል፤ ከኋላ ሆኖ ደግሞ የባሰ አይሰማም። ጠጋ ብሎ ምን ሆነህ ነው ማለት ግን የማንም አቅም ነው። ዛሬ በዚያ አዳራሽ ዜማ የሚስት ሲገኝ አይሳቅም። ኮሌታ መዝሙሩን አስቁማ ወደ ሴትዮዋ ትጠጋና በቀስታ ትጠይቃለች፦

«እህቴ፣ የምትሠሪው የትኛው መኪና ላይ ነው?»