ያልተቀበረው ሽቦ

ናጂሃ የሻወሩን ቧንቧ ልትዘጋ እጇን ሰደደችና እንደ ነካችው መልሳ ነጠቀችው። አንዳች ነገር ጣቶቿን ነከሳቸው። ሙቀት አይደለም። ከጣቷ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ክርኗ ዘልቆ የጠፋ ንዝረት ነው። እርጥብ እግሯ ሲሚንቶው ላይ እንደተጣበቀ፣ ሳሙናው ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ለአፍታ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ውሃው ከላይ እየሞቀ መውረዱን ቀጥሏል። እሱን እሱን እያየች ወደ ግድግዳው ሸሸች።

እጇን በደረቅ ፎጣ ጠቅልላ ቧንቧውን ዘጋችና ሳሙናዋን ሳትለቀለቅ ወጣች።

ወንድሟ ማህዲ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ከተማው ውስጥ ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ይማራል።

«ማህዲ፣ ቧንቧው ነዘረኝ።»

«አታካብጂ ባክሽ። ሰውነትሽ ቀዝቅዞ ሙቅ ውሃ ሲያርፍበት እንደዚያ ይላል።»

«ነዘረኝ እኮ ነው የምልህ! እጄን ነከሰኝ!»

ማህዲ ስልኩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየችው። ከቧንቧው ይልቅ ይሄ አስፈራት።

ቤታቸው ውስጥ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ መውረድ የጀመረው ባለፈው በጋ ነው። ከዚያ በፊት ጓሮ ባለው ኩሽና በእንጨት ነበር የሚሞቀው። እናታቸው ዙለይካ ንጋት ላይ እሳቱን ስታያይዝ ጭሱ ደረቷን እየያዘ ያስላት ነበር። ስታረግዝ ደግሞ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከጭስም፣ ከባድ ድስት ከማንሳትም እንድትርቅ አስጠነቀቀቻት። አባታቸው አቶ ኢስሃቅ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ የእህል መደብር አላቸው። ነገሩን ሲሰሙ ብዙም አላመነቱ፤ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ከባሕር ዳር አስመጡ። ሠራተኞች መጥተው የመስታወት ቱቦዎቹንና ነጩን በርሜል ጣሪያው ላይ አቆሙ።

«በጋውን ፀሐይዋ ትበቃችኋለች፤ መብራት የሚባል አይፈጅም» አለ የሠራተኞቹ አለቃ። «ክረምት ደመና ሲበዛ በርሜሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያግዘዋል። እሱን ግን ባለሙያ ያገናኝላችሁ። የመሬት ሽቦውን ደግሞ አደራ።»

«ባለሙያማ እቤታችን አለ!» አሉ አቶ ኢስሃቅ፣ የማህዲን ትከሻ ጨብጠው።

እሳቸው የሚፈልጉት ልጃቸው መደብር አብሯቸው እንዲውል ነበር። ኮሌጅ እንዲገባ የፈቀዱት ከስንት ልመና በኋላ ነው። ማህዲ ሽቦውን ያገናኘ ዕለት ግን ያገኙትን ሰው ሁሉ እየጠሩ ወደ ጣሪያው እያሳዩ «ልጄ ነው የሠራው» ሲሉ ዋሉ። በጋው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የማሞቂያ ማብሪያ የነካው አልነበረም። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ነው አቶ ኢስሃቅ ቀጭ ያደረጉት።

ማህዲ በረንዳው ላይ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመሬት ሽቦውን አልቀበርኩትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«መብራቱ ከመስመሩ አፈትልኮ ሲወጣ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ...»

«ከሌለ ምን?»

«በሰው ውስጥ አልፎ ነው ወደ መሬት የሚሄደው።»

ናጂሃ እጇን አየችው።

«ቅዳሜ እሠራዋለሁ። ወላሂ፣ ቅዳሜ። ለአባ ከነገርሻቸው ግን አለቀልኝ፤ ኮሌጅ የሚባል ነገር አበቃ፣ ከነገ ጀምሮ መደብር ነኝ። እስኪ ወላሂ አልናገርም በይ።»

«ማህዲ...»

«በይ አልኩሽ!»

«ወላሂ አልናገርም» አለች።

ቅዳሜ መጣ፤ ዝናቡም አብሮ መጣ። ማህዲ «በዚህ ዝናብ ጣሪያ ላይ አይወጣም» አለ። በማግስቱ ደግሞ «ፈተና አለብኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስትጠይቀው እያያት ከክፍል ይወጣል።

ናጂሃ ራሷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት ነበር። መጽሐፉን ትገልጣለች፤ የምታነበው ነገር ግን የለም። ጆሮዋ ሻወር ቤቱ ጋ ነው። ሰው ሲገባ ታዳምጣለች። ውሃው እየወረደ፣ የሚታጠበው ሰው እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ደህና ነው። ውሃው ሲቆም የእሷም ትንፋሽ ይቆማል። በሩ ተከፍቶ የሸበጥ ኮቴ ስትሰማ ነው እንደገና የምትተነፍሰው።

በኋላ አንድ ዘዴ መጣላት። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት አዛን ሲል ከሁሉ ቀድማ ትነሣና በባዶ እግሯ ኮሪደሩን አቋርጣ ማብሪያው በርቶ ካገኘችው ታጠፋዋለች።

«ይሄ ሶላር ተብዬ ዝናብ ሲያይ ይተኛል ማለት ነው?» አሉ አቶ ኢስሃቅ አንድ ማለዳ፣ ውዱእ ያደረጉበትን ቀዝቃዛ ውሃ ከክንዳቸው እያራገፉ። «እንዲህ ከሆነ ለአምጪዎቹ መልሰን ወደ እንጨታችን ነው።»

«እኔ እንጨት አላነድም» አለች ዙለይካ። አንድ እጇ የገፋ ሆዷ ላይ ነበር። «ይሄን ልጅ ጭስ መሃል አልወልደውም።»

ናጂሃ የያዘችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። ማብሪያው ከበራ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ከጠፋ እናቷ ወደ ጭሱ ትመለሳለች። ማሞቂያው እኮ ምንም አላጠፋም። የጎደለው አንድ ሽቦ ነው፤ እሱንም የሚያውቁት እሷና ማህዲ ብቻ ናቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እትዬ እናኑ መጡ። ከመንገዱ ማዶ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላቸው ጎረቤት ናቸው።

«አቶ ኢስሃቅ፣ እኔም እንደ እናንተ ላስገጥም ቆርጬ መጣሁ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ለደንበኞቼ ፀጉር ማጠቢያ ውሃውን በከሰል ሳሞቅ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፤ ሴቶቹ እያሳሉ ነው የሚወጡት። እናንተ ጋ በጋውን ሙሉ ያለ መብራት ሞቀ ሲሉ ሰማሁ።» ወደ ማህዲ ዞሩ። «ሽቦውን አንተ ታገናኝልኛለህ አይደል፣ የኔ ጌታ?»

ናጂሃ ወንድሟን አፍጥጣ አየችው። አይሆንም በል፤ አይሆንም በል፣ አለች በሆዷ። አባታቸው ልጃቸውን እያዩ ፈገግ ብለዋል።

«እሺ እትዬ፣ ችግር የለውም» አለ ማህዲ።

ናጂሃ ብድግ ብላ ወጣች። ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት የእትዬ እናኑ ፀጉር ቤት ነው፤ ሴቶቹ አንገታቸውን መታጠቢያው ላይ አጋድመው፣ ፀጉራቸው እየረጠበ፣ የምታጥባቸው ልጅ እጅ ቧንቧው ላይ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልብሷ በዝናብ በስብሶ ነበር። ኮሪደሩን እንደገባች የማብሪያው ቀይ መብራት በርቶ አየችው። ጠዋት በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። የሻወር ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ደጃፉ ላይ የእናቷ ሸበጥ አለ። ከውስጥ ውሃ ይወርዳል።

እጇን ወደ ማብሪያው ስትሰድ ውሃው ቆመ።

ቀጭ አደረገችውና ወደ በሩ ሮጠች። «እማ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እማ! እማ!» በሩን በመዳፏ ደበደበችው። ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲንከባለል ሰማች። «እማዬ፣ በአላህ መልሺልኝ!»

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ዙለይካ በፎጣ ተጠቅልላ በሩን ከፈተችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰው ሞተ እንዴ?»

ናጂሃ እናቷን ከነውሃዋ እቅፍ አደረገቻት።

«ለካ ማብሪያው ጠፍቶ ነው ውሃው የሚቀዘቅዘው። አሁን አበራሁትና ሞቀልኝ» አለች ዙለይካ የልጇን ጀርባ እየዳበሰች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አፍታታች። «ስዘጋው ግን እጄን ውርር አደረገኝ፤ እስከ ትከሻዬ። የሳሙና ዕቃውን ላነሳ ብል አመለጠኝ። እርግዝናው ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን እጅ እግሬን ያደነዝዘኛል።»

«ዛሬ ተመልሰሽ እንዳትገቢ» አለች ናጂሃ። «እባክሽ እማ፣ ቧንቧውንም እንዳትነኪው። ማታ እነግርሻለሁ።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻትና ጋደም ልትል ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች።

ናጂሃ ማህዲን የግቢው በር ላይ ጠበቀችው። ከባጃጅ ወርዶ ሲገባ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

«እማን ነዘራት።»

ማህዲ ቦርሳው ከትከሻው ሲንሸራተት አላወቀም።

«ደህና ናት» አለችው ቶሎ ብላ። «ዛሬ ደህና ናት። አባ የዐስር ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ።»

«መሐላሽስ?»

«አፈርሰዋለሁ። ለመሐላው ማካካሻ ከፋራውን እፆማለሁ።»

«እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ። ነገ...»

«ነገ ምን ታደርጋለህ?»

ማህዲ የወደቀ ቦርሳውን አነሣ። ዝናቡ ፀጉሩን እያረጠበው ነው። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «የመሬት ሽቦ የተማርን ዕለት አልነበርኩም። እህል ይራገፋል ብለው አባ መደብር አስቀሩኝ። የት እንደሚቀበር፣ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው አላውቅም። ሰው ሁሉ ፊት ባለሙያ ሲሉኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየባሰ ሄደ። ሻወር ቤት ሰው ሲገባ እኔም ሳዳምጥ ነው የምቆየው፣ ናጂ።»

ይሄን አልጠበቀችም ነበር። ለካ እሱም በዚያኛው ክፍል ትንፋሹን ይዞ ሲያዳምጥ ነው የከረመው።

አቶ ኢስሃቅ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ጫማቸውን እስኪያወልቁ ናጂሃ ጠበቀች። ወደ ማህዲ ዞራ አየችው፤ ቀድሞ ይናገር እንደሆነ። እሱ ግን የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ያዘ።

«አባ» አለች። «የሻወሩ ቧንቧ ሰው ይነዝራል። የመሬት ሽቦው አልተቀበረም። ማብሪያውን በየጠዋቱ የማጠፋው እኔ ነኝ። ዛሬ እማን ነዘራት።»

አቶ ኢስሃቅ አልጮኹም። አንዴ እሷን፣ አንዴ ማህዲን አዩና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከውስጥ ዝቅ ያለ ንግግር ተሰማ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ታውቅ ነበር?» አሉት ማህዲን።

«አውቅ ነበር፣ አባ። ሥራውን ግን አላውቅበትም። መጀመሪያውኑ አላውቅበትም ነበር።»

አቶ ኢስሃቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ነገ በማለዳ ኤሌክትሪሺያን እንዲመጣ ተነጋገሩ። ከዚያም ኮሪደሩ ድረስ ሄደው ማብሪያው መጥፋቱን አዩ። ቢጮኹባቸው ይሻል ነበር።

«ስለ ኮሌጁ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አሉ ማህዲን ሳያዩት። «እናኑ ግን አንተን እየጠበቀች ነው።»

ማህዲ ራሱን ነቀነቀና ተነሥቶ ወጣ። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የፀጉር ቤቱ መብራት በርቶ፣ ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

«ምን ልበላቸው?» አለ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር።

«አላውቅበትም በላቸው።»

ማህዲ በሩን ከፍቶ ወደ ዝናቡ ገባ። ተቀይሟት እንደሆነ ከጀርባው ማወቅ አልቻለችም። ናጂሃ እርጥብ ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ተከተለችው።